ከመጨረሻው ድል በኋላ ያሉት 197 ውድድሮች

ይህ ጽሑፍ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት የስፖርት ውይይት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር አጥታችሁ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ። እዚህ ግድግዳው ሥር ቦታ አለ።

የማወራችሁ ስለ ፈርናንዶ አሎንሶ ነው። ስፔናዊ ነው። የተወለደው በ1981 ነው። ፎርሙላ ዋን በሚባለው የመኪና ውድድር ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ደግሞ 400ኛ ውድድሩ ላይ ቀረበ። በዚህ ስፖርት ታሪክ እዚህ ቁጥር ላይ ከእሱ በፊት የደረሰ የለም። ቀድሞ ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረው ፊንላንዳዊው ኪሚ ራይኮነን 349 ውድድሮችን ጀምሮ ነው የተሰናበተው።

400ኛው ውድድር የተካሄደው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እኛም ዛሬ ያለነው ሜክሲኮ ነው። አጋጣሚው ደስ ይለኛል። የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ የሚጠሩት ይህ አደባባይ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን ሀገራችንን ስትይዝ ብዙው ዓለም ፊቱን አዙሮ ነበር። ሜክሲኮ ግን ወረራውን አልቀበልም ብላ ከጎናችን ቆመች። እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው። እኛ ሜክሲኮ ላይ እንወርዳለን፣ እነሱ ኢትዮጵያ ላይ ይወርዳሉ።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ፤ አየሩ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ትበልጣታለች፤ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይጎድላል። አየር አምቆ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባ ቱርቦ የሌላት ቪትዝ ይዛችሁ፣ አራት ሰው ጭናችሁ፣ ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ ሞተሩ ሲያቃስት ሰምታችኋል። ሁልጊዜ መካኒክ ጋ የሚያስኬድ ጉዳይ አይደለም። የሚተነፍሰው አየር አንሶት ነው።

የፎርሙላ ዋን መኪና ቱርቦ ስላለው ጉልበቱን ያካክሳል። በሌላ በኩል ግን ይቸገራል። መኪናውን መሬት ላይ ተጭኖ የሚይዘው በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጫናው ይላላል፣ መኪናው ጥምዝ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ፍሬኑን የሚያቀዘቅዘውም ያው አየር ነው። ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ ፍሬን ቶሎ ይግላል። ይህን የፍሬን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ከተማ ውስጥ የአሎንሶን ስም ሳነሳ ሁሌ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ሰውየው እስካሁን አለ እንዴ? መቼ ነው የሚያቆመው?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹን አልወቅስም። ከሩቅ ሲታይ ነገሩ እንደዚያ ነው። አሎንሶ 32 ጊዜ አሸንፏል። የመጨረሻው ድሉ ግን ሜይ 2013 ላይ፣ በሀገሩ፣ ባርሴሎና ውስጥ የተገኘ ነው። ያ ለእሱ 203ኛ ውድድሩ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 400ኛው ድረስ 197 ውድድሮች አሉ። በእነዚህ ውስጥ አንድም ድል የለም። ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ያለ ድል ያለፈ ማለት ነው።

እኔ የመጣሁት ስለዚህ ግማሽ ላወራ ነው። የአሎንሶን ትልቅነት ያየሁት እዚያ ውስጥ ነው። ዋንጫዎቹን ማንም መዝግቦ ያስቀምጣቸዋል። እነዚህን 197ቱን ግን ቁጭ ብሎ ያላየ ሰው አያውቃቸውም።

መጀመሪያውን በአጭሩ ልለፈው። አባቱ ፈንጂ የሚመረትበት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ለትልቋ ልጃቸው ትንሽ የካርት መኪና በእጃቸው ሠሩላት። ልጅቷ አልወደደችውም። ገና ሦስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሟ ፈርናንዶ ገባበት፤ ገብቶም ቀረ። ቤቱ የሀብታም ቤት አልነበረም። አባትየው ራሳቸው መካኒክ እየሆኑ ነው ልጃቸውን ያወዳደሩት። በ2001፣ በ19 ዓመቱ፣ ሚናርዲ በሚባል ትንሽ የጣሊያን ቡድን ፎርሙላ ዋን ገባ። ሚናርዲ ሁሌ ከኋላ የሚጨርስ ቡድን ነበር። አሎንሶም ዓመቱን ሙሉ አንድ ነጥብ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት ሬኖ ውስጥ የሙከራ አሽከርካሪ ሆኖ ተቀመጠ። በ2003 ሃንጋሪ ላይ በ22 ዓመቱ አሸነፈ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ዕድሜ ያሸነፈ አልነበረም። በ2005 እና በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ዘመን አንድ ውድድር ብቻ ላንሳ። 2005፣ ኢሞላ፣ ጣሊያን። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ማይክል ሹማከር በፌራሪው ከኋላ መጣ። የእሱ መኪና በግልጽ ይፈጥናል። የመጨረሻዎቹን አሥራ ምናምን ዙሮች የአሎንሶ ጅራት ላይ ተለጥፎ ነው የሄደው። አሎንሶ ምን አደረገ? ጥምዙ ውስጥ ሲገባ ሆን ብሎ ቀዝቀዝ ይላል። ሹማከር ሳይወድ በግዱ ፍሬን ይይዛል። አሎንሶ ከጥምዙ ሲወጣ ቀድሞ ነዳጅ ይረግጣል። ሹማከር እስኪረግጥ ድረስ ትንሽ ክፍተት ተፈጥራለች። ያቺ ክፍተት ቀጥ ያለው መንገድ እስኪያልቅ ትበቃዋለች። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ እንደገና። በ0.215 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። የ23 ዓመት ልጅ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ዘመን ልብ ይሰብራል። በ2007 ማክላረን ገባ። እዚያ ከአንድ አዲስ ልጅ ጋር ተገናኘ፤ ሉዊስ ሃሚልተን ነው። ዓመቱ በጭቅጭቅ አለቀ። ሁለቱም እኩል 109 ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ራይኮነን በ110 ዋንጫውን ይዞ ሄደ። በ2010 በፌራሪ መኪና የመጨረሻው ውድድር ላይ ደረሰ። አቡ ዳቢ ነው። ከቪታሊ ፔትሮቭ መኪና ኋላ ተሰንቅሮ፣ ማለፍ አቅቶት፣ ውድድሩ አለቀ። ዋንጫውን ሰባስቲያን ፌትል በ4 ነጥብ ልዩነት ወሰደ። በ2012 ያው ፌትል በ3 ነጥብ ቀደመው። እስኪ ደምሩት። በሦስት የውድድር ዘመን የጎደለው በጠቅላላው 8 ነጥብ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ዕድለ ቢስነት ይለዋል። እኔ ሁሉንም ለዕድል አልሰጥም። አሎንሶ ቡድን ሲመርጥ ተሳስቷል። አፉም ብዙ ጊዜ አስቸግሮታል። በ2008 ሲንጋፖር ላይ ያሸነፈበት ውድድር ደግሞ የቡድን ጓደኛው ታዝዞ ሆን ብሎ ግድግዳ የመታበት ነው። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጉዳዩን አጣርቶ አሎንሶ እጁ የለበትም ብሏል። ቢሆንም ስለዚያ ድል ያለዚህ ታሪክ ማውራት አይቻልም። የምንወደውን ሰው ከነሙሉ ታሪኩ ነው መያዝ ያለብን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ እንግባ።

በ2015 ወደ ማክላረን ተመለሰ። ሞተሩ የሆንዳ ነው፤ ሆንዳ ደግሞ ገና እየጀመረ ነበር። ሞተሩ ጉልበት የለውም፤ በየጊዜውም ይበላሻል። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ዓመቱን ሙሉ ሮጦ 11 ነጥብ አገኘ። ጃፓን ላይ፣ ራሱ ሆንዳ ባለበት ሀገር፣ ሌሎቹ በቀጥታው መንገድ ላይ እንደ ዋዛ ሲያልፉት በሬዲዮ ጮኸ። ሞተሩን ከታችኛው ምድብ ሞተር ጋር አመሳሰለው። ዓለም ሁሉ ሰማው። ያ ንግግር ለብዙ ዓመት ተከትሎታል።

በ2016 ሜልቦርን ላይ ከፊቱ ያለውን መኪና ጎማ መታ። መኪናው ግድግዳ መትቶ አየር ላይ ተገለባበጠና አጥሩ ሥር የብረት ክምር ሆኖ ተገኘ። አሎንሶ ከሥሩ በራሱ እየዳኸ ወጣ። የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቆ ስለነበር በቀጣዩ ውድድር ሐኪሞች ከለከሉት። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ነዳ። ያንኑ ደካማ መኪና ነው የነዳው።

በ2018 መጨረሻ ፎርሙላ ዋንን ተወ። ቤቱ ተቀመጠ ማለት ግን አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን፣ «ለ ማን» (Le Mans) የሚባለውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ከቶዮታ ጋር በ2018 እና በ2019 አሸነፈ። ዴይቶና ላይም የ24 ሰዓቱን አሸነፈ። ዳካር ራሊ ገብቶ በረሃውን አቋርጦ 13ኛ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያናፖሊስ 500 የሚባለው ውድድር ላይ ደግሞ በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ሲመራ ቆየ፤ መጨረሻው ሲቃረብ ሞተሩ ተቃጠለበት። በ2021 ወደ ፎርሙላ ዋን ሲመለስ 40 ሊሞላው ወራት ነበር የቀሩት። ሊመለስ ሲል ብስክሌት እየነዳ መኪና ገጨውና መንጋጋው ተሰበረ። መንጋጋው ውስጥ ብረት አስገብቶ ነው የውድድር ዘመኑን የጀመረው።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል። ሁለት ውድድሮች በቅርብ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ሃንጋሪ ነው፣ ኦገስት 1 ቀን 2021። አሎንሶ 40 ከሞላው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዝናብ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ግጭት ነበር፣ ቅደም ተከተሉ ተደበላልቋል። የቡድን ጓደኛው ኢስቴባን ኦኮን አንደኛ ሆኖ እየመራ ነው። ኦኮን በሕይወቱ አሸንፎ አያውቅም። ከኋላ ደግሞ ሃሚልተን በፈጣኑ መርሴዲስ አንድ በአንድ እያለፈ እየመጣ ነው። በስሌቱ ከሄደ ኦኮንን መድረሱ አይቀርም። ከመድረሱ በፊት ግን አሎንሶን ማለፍ አለበት።

አሎንሶ በሩን ዘጋ። ለአሥር ዙር ያህል ዘጋ። ሃሚልተን ወደ ውጭ ሲወጣ ውጭ ያገኘዋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ውስጥ ያገኘዋል። ጎን ለጎን ሆነው አራተኛው ጥምዝ ላይ በከባድ ፍጥነት ሲገቡ እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ሆኜ ፍሬን ስረግጥ ነበር። ዝም ብሎ መንገድ መዝጋት አልነበረም፤ መንገድ መዝጋት ያስቀጣል። ሃሚልተን ላይ ፊት ለፊት አልተጋፋም። ሁልጊዜ አንድ መኪና የምታልፍበት ቦታ ይተውለታል፤ የምትተወው ቦታ ግን ለማለፍ የማትመች ናት። ያ የኢሞላው ብልሃት ነው። ጥምዝ ውስጥ ቀዝቀዝ፣ ከጥምዝ ሲወጡ ፈጠን። 16 ዓመት አልፎታል፤ ብልሃቱ እዚያው አለ።

ውድድሩ ሊያልቅ አምስት ዙር ሲቀረው የአሎንሶ ጎማ ቆለፈ፤ ሃሚልተን አለፈ። ግን ጊዜው ሄዷል። ኦኮን አሸነፈ። አሎንሶ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ከፊቱ የገባው ፌትል በኋላ ውጤቱ ስለተሰረዘበት በመዝገቡ አራተኛ ነው፤ ከ197ቱ ድል አልባ ውድድሮች አንዱ ነው። ኦኮን ግን መድረኩ ላይ የቆመው በማን ትከሻ እንደሆነ ያውቃል፤ ተናግሯልም።

ሁለተኛው ብራዚል ነው፣ ኖቬምበር 2023። አሎንሶ አሁን አስተን ማርቲን ውስጥ ነው፣ ዕድሜው 42 ነው። በዚያ ዓመት ሬድ ቡል ከ22 ውድድር 21ዱን ያሸነፈ መኪና ነበረው። ከሁለቱ የሬድ ቡል መኪኖች አንዱን የሚነዳው ሰርጂዮ ፔሬዝ ከኋላው ደርሷል። ሦስተኛ ደረጃን ለመውሰድ ነው። ብዙ ዙር ተከታተለው፤ አሎንሶ አላሳለፈውም። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀር፣ በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ፣ ፔሬዝ አለፈ። እኔ በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ነበር። የ42 ዓመት ሰው፣ ያረጀ ጎማ፣ ፊቱ ያለው የዓመቱ ምርጥ መኪና ነው።

አሎንሶ ግን የመኪናውን ባትሪ ቆጥቦ ይዞ ነበር። በመጨረሻው ዙር አራተኛው ጥምዝ ላይ መልሶ አለፈው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ያለውን ግማሽ ዙር እንደገና በሩን ዘግቶ ወጣ። የብራዚሉ መንገድ መጨረሻው ዳገት ነው፤ ዳገቱን ጎን ለጎን ሆነው ወጡት። አሎንሶ በ0.053 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ ከአንድ መኪና ርዝመት ያነሰ ነው። ሦስተኛ ወጣ። በዚያ ዓመት ስምንት ጊዜ መድረክ ላይ ቆሞ፣ 206 ነጥብ ይዞ፣ ከዓለም አራተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ወጣቶቹ ፈጣን እጅ አላቸው፤ ይህን አልክድም። ሥራው ከባድ ነው። አንገት ላይ ያለው ጫና ብቻ ሰው ይጥላል። ፈጣን ጥምዝ ላይ ጭንቅላትና ሄልሜት ተደምረው ከ30 ኪሎ በላይ የሚከብዱበት ጊዜ አለ። ፍሬኑን ለመርገጥ በአንድ እግር ከመቶ ኪሎ የሚበልጥ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያውም ዙር በዙር። ሲንጋፖርን በመሰለ ሙቀት ሁለት ሰዓት ተነድቶ ሁለት ሦስት ኪሎ ላብ ይወጣል። አርባ ያለፈው ሰውነት ይህን ከተሸከመ የዲሲፕሊን ውጤት ነው። ግን በእኔ ግምት አሎንሶን እዚያ ያቆየው አንገቱ አይደለም። እየነዳ ማሰብ ይችላል። ሌላው በሙሉ አቅሙ መኪናውን መንገድ ላይ ለማቆየት ሲታገል እሱ ግዙፉን የሜዳ ስክሪን አንብቦ ከኋላው ያሉት ምን ጎማ እንዳሰሩ ለቡድኑ ይነግራል። ይህ በሁለት ዓመት አይመጣም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ቀነኒሳ በቀለ የተወለደው በጁን 1982 ነው። ከአሎንሶ በአንድ ዓመት እንኳ አያንስም። ኦገስት 26 ቀን 2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ልክ በወሩ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን፣ አሎንሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም በአንድ ወቅት ጫፍ ላይ ነበሩ። የቀነኒሳ ክብረ ወሰን 15 ዓመት ቆየ።

ከዚያ የጉዳቱ ዘመን መጣ። ጀምሮ ያቋረጣቸው ማራቶኖች መጡ። ስንቶቻችን ነን «ቀነኒሳ አሁንስ ይብቃው» ያልን? ካፌ ተቀምጠን፣ ማኪያቶ እየጠጣን፣ በአንድ ቃል አሰናብተነዋል። እሱ ግን በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰንን በሁለት ሰከንድ ሳተው። በኤፕሪል 2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት አሎንሶ 400ኛው ላይ ደረሰ። የለንደኑ ሁለተኛነት ስንት ቀን ተወራለት? በጣም ጥቂት። ወርቅ ስላልሆነ ነው። እኛ ሀገር ስፖርት የሚቆጠረው በወርቅ ነው፣ ብር እንኳ እንደ ሽንፈት ይታያል። ይህ ያናድደኛል። ከ22 ዓመቱ ቀነኒሳ የ41 ዓመቱ ቀነኒሳ ብዙ የሚያስተምር ነገር ነበረው፣ እኛ ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ነበር።

ማርሽ ቀያሪውን ምሩጽ ይፍጠርንም አስታውሱ። በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ ዓለም ስለ ሩጫው ትቶ ዕድሜውን ነበር የሚጠይቀው። በጉን ሊሰርቁት እንደሚችሉ፣ ዶሮውን ሊሰርቁት እንደሚችሉ፣ ዕድሜውን ግን ማንም ሊሰርቀው እንደማይችል መለሰላቸው።

እንግዲህ ወደ 400ኛው እንሂድ። አሎንሶ በዚያ ሳምንት ታሞ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከጋዜጠኞች ጋር መገናኘት ነበረበት፣ አልቻለም። ውድድሩ ላይ ግን ቀረበ። የ400ኛው በዓል ተዘጋጅቶለታል። ውድድሩ ተጀመረ፣ በ15ኛው ዙር መኪናውን ወደ ጋራዥ አስገብቶ ወጣ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ፍሬን ነው። ከመንገዱ የተነሳ ቁርጥራጭ የፍሬኑ አየር መግቢያ ውስጥ ገባ። አየሩ ድሮውኑ ስስ ነው፤ መግቢያው ሲዘጋ ፍሬኑ ከልክ በላይ ጋለ። በታሪክ ማንም ያልደረሰበት ቁጥር የተከበረው በ15 ዙር ነው።

በሳምንቱ ብራዚል ሄዱ። ዝናቡ ከባድ ስለነበር የሰዓት ማጣሪያው ወደ እሑድ ጠዋት ተገፋ። አሎንሶ ማጣሪያው ላይ ተጋጨ። ውድድሩ በዚያው ቀን ነው፤ ሰዓቶች ብቻ ናቸው የቀሩት። መካኒኮቹ መኪናውን ፈታተው እንደገና ገጣጥመው አደረሱለት። ውድድሩ ላይ መኪናው በጣም ስለሚዘል ወገቡ ተሰቃየ። ጋራዥ ገብቶ ቢያቆም ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ የነጥብ ተስፋ የለውም። በሬዲዮ ወገቡ እንደሚያመው ነገራቸውና ለመካኒኮቹ ሲል እንደሚጨርስ አሳወቃቸው። ጨረሰም። 14ኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ተቀበልኩ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ወጣት እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሁሉም ገብቶኛል» አለ። «ግን ቦታው 20 ብቻ ነው አሉ። እሱ ከተቀመጠበት ለሆነ ልጅ ቢለቅለትስ?»

የቀኑ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። ለልጁ የመለስኩትን እዚህም ልጻፈው። እውነት ነው፤ በ2024 ቦታው 20 ነበር። አሎንሶ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ወጣት ውጭ ይቀራል። ግን አሎንሶ ወጣቶችን የሚያስተዳድር ድርጅት አለው። ከእነሱ አንዱ ብራዚላዊው ጋብሪኤል ቦርቶሌቶ ነው። ቦርቶሌቶ በ2024 ከፎርሙላ ዋን ሥር ያለው ምድብ፣ የፎርሙላ ቱ፣ ሻምፒዮን ሆኖ በ2025 ፎርሙላ ዋን ገባ። ከአሎንሶ ጋር አንድ መንገድ ላይ ይወዳደራል። በትውልድ አካባቢው አስቱሪያስም የልጆች የካርት ሜዳ አሠርቷል። መቀመጫውን አለቀቀም፤ በሩን ግን አልዘጋም። ደግሞ ቦታ የሚሰጠው ለፈጣኑ ነው። ያቺ ወንበር የምትወሰደው እሱን በመቅደም ነው።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ሙሉ በሙሉ የተስማማ አይመስለኝም። ጥያቄው ደስ ስላለኝ ከዝግጅቱ በኋላ ውጭ ቆመን ቀጠልን። ባቡሩ ከላያችን ሲያልፍ ድምፃችንን ከፍ እያደረግን ነው ያወራነው።

እሱ ጋ ቆመን ሌላ ሰው ስለ ቁጥሩ ጠየቀኝ። 400 ትክክል ነው ወይ አለኝ። ቁጥሩ አሎንሶ ተመዝግቦ የቀረበባቸውን ውድድሮች ነው የሚቆጥረው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን አልጀመረም። አንዱ በ2005 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚሽሊን ጎማ ያሠሩ ቡድኖች በሙሉ ለደህንነት ሲሉ ከመነሻው በፊት የወጡበት ነው። ሌላው በ2017 ሩሲያ ላይ መኪናው ገና በማሟሟቂያው ዙር የቆመበት ነው። ስለዚህ የጀመራቸው ብቻ ይቆጠሩ ከተባለ 400ኛው ሜክሲኮ አይደለም፤ ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ኳታር ላይ የተደረገው ነው። የዚያን ቀን መኪናው ምንም አልሆነም። ሰባተኛ ወጥቶ ለቡድኑ 6 ነጥብ አመጣ። እስከ 2026 የሚያቆየውን ውል ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል ላይ፣ ፈርሞ ነበር። በ2026 መኪናው የሚነዳው በሆንዳ ሞተር ነው።